ልብሽ ሲረጋ ነይ

ጠዋት ጠዋት፣ ልጅቷን ጡት ከማስያዟ በፊት፣ ግድግዳው ምንታምርን ይጠይቃታል።

«እንዴት አደርሽ፣ ምንታምር?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ያልሽውን ሰምቻለሁ። ሌላስ?»

ይህ የተለመደ ነው። በዚህ ዘመን በደብረ ብርሃን ልጅ የወለደ፣ ሰው የሞተበት፣ ጡረታ የወጣ ወይም ትዳሩ የፈረሰበት ሰው ሁሉ፣ ከአንዱ ኑሮ ወደ ሌላው እስኪሻገር ድረስ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ አንድ ድምፅ ይመደብለታል። ሴቶቹ «አለሁልሽ» ይሉታል፤ ወንዶቹ «አለሁልህ»። የአንዱ ድምፅ ከሌላው አይመሳሰልም። የምንታምር አለሁልሽ ድምፅዋ የወጣት ሴት ነው። ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት ታውቅበታለች። ምንታምር አንዳንዴ ሳታስበው «እሺ እህቴ» ብላ ትመልስላታለች።

በግራ እጇ ላይ ያለው ቀጭን አምባር የልቧን ምትና የምትናገረውን ለአለሁልሽ ያደርሳል። ልብ ሲፈጥን አምባሩ ለብ ይላል። ሰው ቶሎ ይለምደዋል፣ እጁ ላይ መኖሩንም ይረሳዋል ይባላል። ምንታምር አልረሳችውም።

ይህች ልጅ ሦስተኛዋ ናት። የመጀመሪያው ፅንስ ቀኑ ሳይደርስ ወጣ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ነበር፤ ክርስትናው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ቀዝቅዞ ተገኘ። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹ አላወቁም። ስለዚህ ምንታምር የዚህችን ልጅ እስትንፋስ ትጠብቃለች። እሷ ተኝታ እንኳ መዳፏ የልጅቷ አፍንጫ ሥር ነው።

«ዛሬም እጅሽ አፍንጫዋ ላይ ነበር፣» ትላታለች አለሁልሽ። «ፍርሃትሽ እየጨመረ ነው። አብረን እናየዋለን።»

«አብረን እናየዋለን» የሚለውን ነገር ምንታምር አትወደውም። ከታች ፎቅ አንዲት አራስ ነበረች። ፍርሃቷ አብሮ ከታየላት በኋላ ልጇ ለእናቱ እረፍት ተብሎ አክስቱ ዘንድ ተወሰደ። አሁን በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እዚያው አክስቱ ቤት።

ነገሩ የተጀመረው እማማ የሺመቤት ከመንዝ የመጡ ሳምንት ነው። የባሏ የናሆም እናት ናቸው፤ አራሷን ሊጠብቁ መጡ። አምባር አላሰሩም። ግድግዳውን ሲያልፉ እንደ ክፉ ውሻ በዓይናቸው ጥግ ያዩታል። ምራታቸው ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ልጅ ላይ እንዳፈጠጠች ሲያገኟት ብዙም አልቆዩ፤ የገንፎውን ሳህን ከፊቷ አንስተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስሚኝማ፣ የኔ ልጅ። ይቺን ልጅ አውጥተሽ ስጫት።»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ! ለጅብ ልትሰጫት ኖሯል?»

ምንታምር ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«አትሳቂ። ሞት ሲመጣ የእናቱን ስም ይዞ ነው የሚመጣ። የምንታምር ልጅ የታለች ይላል። የምንታምር ልጅ የለችም። ይቺ የሌላ ናት። ባለቤቷን ሲያጣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ናሆምን በምን ያቆየሁት ይመስልሻል? ከሱ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ። እሱን በር ላይ ጥዬ ጎረቤቴ አነሳችው። ሠርጋችሁ ላይ 'ልጄን ዳርኩ' እያለች ከኔ በላይ ስትጨፍር የነበረችውን ሴትዮ አላየሽም?»

ምንታምር ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር አታምንም። ግን አለማመኗ እንቅልፍ አልሰጣትም። በዚያ ላይ ለናሆም ሠርቶለታል፤ ናሆም ሰፊ ደረት ያለው ሰው ነው።

ልጅቷን እንድታነሳ የተመረጠችው ፊት ለፊት ያለው በር ባለቤት እትዬ ስንዱ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ከክር ፋብሪካው ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ልጅ አልወለደችም። እሷም አለሁልሽ ነበራት፤ የሐዘኑንም የጡረታውንም ጊዜ አብሯት ከረመና አንድ ቀን «ስንዱ፣ ተሻግረሻል» ብሎ ዝም አለ። «ባሌ ሞተ፣ ሥራዬ አለቀ፣ በመጨረሻ ግድግዳውም ፈታኝ» እያለች ሕንፃውን ሁሉ ታስቃለች።

ቀኑ ጭጋጋማ ነበር። ምንታምር ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከደጃፏ ውጪ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት። እጇ ለመልቀቅ እምቢ አላት። እማማ የሺመቤት ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። እትዬ ስንዱ የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ፣ በመዳፏ ጨው ጨብጣ፣ እንደ ባላባት እየተንጎራደደች ከበሯ ወጣች።

«ኧረ ማነው መንገድ ላይ ይሄን የጣለ? እዩት እስቲ! ምን ዓይነት አስቀያሚ ነው? አፍንጫው ድንች!»

«አልፈልጋትም፣» አለች ምንታምር። ድምፅዋ ተሰበረ።

«ጮክ በይ!» አሉ እማማ የሺመቤት። «ደግሞ ሦስቴ ነው።»

«አልፈልጋትም። አልፈልጋትም። ውሰጅልኝ።»

«ተቀብያለሁ!» እትዬ ስንዱ ልጅቷን ከመሬት አነሳችና ጨዉን የልጅቷ ዋጋ አድርጋ በምንታምር መዳፍ ላይ አፈሰሰች። «ከዛሬ ጀምሮ እናቷ እኔ ነኝ። ስሟም ትርፌ ነው። አንቺ ሞግዚቷ ነሽ፤ አጥቢልኝ። ካስለቀስሻት ግን ውርድ ከራሴ፣ አባርርሻለሁ!»

ሦስቱም እየተሳሳቁ ገቡ። ልጅቷ ወደ ምንታምር ጡት ተመለሰች። ያን ቀን ማታ ምንታምር ተኛች፤ እንደ ልጅነቷ፣ አፏን ከፍታ ተኛች። ግድግዳው አንድም ነገር አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ጠየቀ።

«እንዴት አደርሽ፣ ምንታምር?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዛሬስ ደህናሽን አምኜዋለሁ፣» አለች አለሁልሽ። ድምፅዋ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። «ከባድ ውሳኔ ነው የወሰንሽው። ልጅን ለሌላ እናት መስጠት ትልቅ ፍቅር ይጠይቃል። ሐዘኑ ሲመጣ አጠገብሽ ነኝ።»

ምንታምር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች።

«ኧረ እሱ ወግ ነው! የአገር ቤት ወግ። ልጅ እንዳይሞት የሚደረግ ነው።»

«ብዙ እናቶች እንደዚያ ይላሉ። በጨዋታ ሲሆን ለመናገር ይቀላል። ግን ሦስት ጊዜ አልሽው፤ ማንም አላስገደደሽም። ካልሽው በኋላ ልብሽ ረጋ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ረግቶ አያውቅም። ተኛሽ። እጅሽም አፍንጫዋ ላይ አልነበረም።»

ሁሉም እውነት ነበር።

«የረጋሁት እኮ የኔ ሆና እንድትቀር ስላደረግኩ ነው!»

«ይህን ስትዪ ልብሽ እየፈጠነ ነው። ቆየት ብለን እንነጋገርበት።»

አምባሩ ለብ ብሎ ነበር።

ሰዉ ከሞት ሲሸሽ በነበረባቸው የስደቱ ዓመታት ልጆች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ሕጉ ያን ጊዜ ተለወጠ፦ ልጅ የሚሰጥና ልጅ የሚቀበል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ድምፁ እየሰማ ቃል ከተናገሩ ይበቃል። ብዙ ሕፃናት ከሞት የተረፉበት ሕግ ነው። ምንታምር ለተማሪዎቿ እንኳ ስለዚህ ሕግ በኩራት አውርታ ታውቃለች።

ረፋዱ ላይ እትዬ ስንዱ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«አንቺ! ግድግዳዬ ከሙታን ተነሣ! 'ስንዱ፣ እንኳን ደስ አለሽ' ይለኛል። እኔማ ጡረታ የጨመሩልኝ መስሎኝ እልል ልል ነበር!»

«ለኔም እንደዚሁ። ንገሪው እንጂ፣ እትዬ ስንዱ። ጨዋታ ነው፣ ወግ ነው በይው።»

«እነግረዋለሁ፣ ምን ችግር አለ።» እትዬ ስንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን እግር በጣቷ ዳሰሰች። «ዝም ብዬ ግን ሁለት ቀን ብሰማው ምን ይለኛል? ድምፁን ብትሰሚው! ጎርነን ያለ፣ ልክ እንደ ሟቹ። ጠዋት 'ስንዱ፣ ምን በላሽ?' ይለኛል። ምን በላሽ ያለኝ ሰው ካየሁ ስንት ክረምት አለፈ? ወተት አስመጣልኝ እኮ! እኔ ነኝ አራሷ፣ አንቺ ውሃሽን ጠጪ!»

ሳቁ። ምንታምር የሳቀችው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ናሆም በሳምንቱ መጨረሻ ከአፋር ደወለ። እዚያ ጨው ሜዳ ላይ በፈረቃ ይሠራል፤ ፈረቃው እስኪያልቅ ወደ ቤት አይለቁትም። ፊቱ ስክሪኑ ላይ በፀሐይ ተለብልቦ ይታያል።

«አለሁልህ ነግሮኛል፣» አላት። «አልተቆጣሁም።»

«በምን ትቆጣለህ?»

«አልተቆጣሁም እኮ ነው የምልሽ።»

«ናሆም፣ እናትህ ናቸው ያሉኝ። አንተስ እንደዚሁ በር ላይ ተጥለህ አይደል ያደግከው?»

ዝም አለ። ዝምታው የማሰብ ዝምታ አልነበረም፤ ጆሮው ላይ የሚነገረውን እያዳመጠ ነበር።

«እሱን ነገር... እሱንም በጥንቃቄ ብናየው ጥሩ ነው ብሎኛል፣» አለ ቀስ ብሎ። «ከእማዬ ጋር ያለኝ ነገር ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰው ገና በጨቅላነቱ መጣሉን ገላው ያስታውሳል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ምንታዬ፣ እባክሽ ረጋ በይ። ላንቺው ነው።»

ልጅቷን ለክትባት የወሰደቻት ማክሰኞ ዕለት ነው። ጤና ጣቢያው ጠረኑ ንጹሕ፣ ወንበሮቹ ለስላሳ፣ ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው። ነርሷ ወጣት ነበረች። የልጅቷን ተረከዝ መሣሪያው ላይ አስነካችና ቀና ብላ ምንታምርን አየቻት።

«እናቷ የት አለች?»

«እኔ ነኛ።»

ነርሷ ወደ ስክሪኗ መልሳ አየች። ከዚያ ሰው ማዘኑን ለማሳየት እንደሚያደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«አንቺ ወላጇ ነሽ፣ እህቴ። እናቷን ነው የምጠይቅሽ። ወይዘሮ ስንዱ ይላል።»

«ስህተት ነው። ጨዋታ ነበር።»

«ቃል መመለስ ይቻላል። እስከ ክርስትናዋ ድረስ ይቻላል። ተቀባይዋም መመለሷን ትናገር፣ አንቺም ትናገሪ፤ አለቀ። ችግር የለውም።»

«እንግዲያው አሁን ልናገር!»

ነርሷ የስክሪኑን ጥግ በጥፍሯ መታ መታ አደረገች። «አሁን አይሆንም። ልብሽን አየሽው? በፍርሃት የተነገረ ቃል አይያዝም፤ ላንቺው ተብሎ ነው። ሂጂና እረፊ። ልብሽ ሲረጋ ነይ።»

ምንታምር ልጅቷን ሳትከተብ አቀፈቻት። ነርሷ በሩን ልትከፍትላት ስትነሣ ሆዷ ገፋ ብሎ ታየ። ምንታምር ማየቷን ነርሷ ስታውቅ የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ሆዷን ሸፈነችው።

«እኔ ደስ ይለኛል፣» አለች ነርሷ፣ ግድግዳው እንዲሰማት ያህል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሁሌም ደስ ይለኛል።»

የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምንታምር መርጋትን እንደ ሙያ ያዘችው። በአፍንጫ ሳበች፣ በአፍ ለቀቀች። ክረምት ላይ ሞልቶ የተኛ የበሬሳ ወንዝን አሰበች። ልጅቷ ስታለቅስ አልሮጠችም፤ ተራመደች። ስታያት አላፈጠጠችም። ልጅቷን ባየቻት ቁጥር ላጣት ነው ብላ ስለምትፈራ፣ ፍርሃቷም ልጅቷን የሚያሳጣት ስለሆነ፣ ከልጅቷ ዓይኗን መመለስ ተማረች። አንድ ጠዋት አምባሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

«አሁን ልናገር፣» አለች። «ልጄን እፈልጋታለሁ።»

አለሁልሽ በለሰለሰ ድምፅ መለሰችላት።

«ጥሩ ሙከራ ነው። ረግተሽ ለመታየት ምን ያህል እንደደከምሽ አይቻለሁ። ግን ንገሪኝ፣ ምንታምር፣ ልጅን የምትፈልግ እናት ልጅዋን ሳታይ መዋል ትችላለች? ትናንት ያየሻት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።»

አምባሩ ያን ጊዜ ሞቀ።

እማማ የሺመቤት ይህን ከጓዳ ሆነው ሰሙ። መቀነታቸውን አጥብቀው ወጡና ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት! እኔን አናግሪኝ! አንቺ ፊት የለሽ!»

«ቤት ውስጥ የማላውቀው ድምፅ አለ፣» አለች አለሁልሽ ለምንታምር።

«የማታውቂኝ አምባርሽን ስላላሰርኩ ነው? አምጪው። አስሬ እመሰክራለሁ። እግዜርም ሰውም ይስማኝ!»

አሰሩ። አምባሩ ቀጭን ክንዳቸው ላይ ሰፍቶ ተንጠለጠለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊመሰክሩ ሲሉ ግድግዳው ቀደማቸው። ድምፁ ሌላ ነበር፤ የመንዝ ሴት ድምፅ፣ በዕድሜ የእሳቸው እኩያ።

«የሺመቤት፣ ከናሆም በፊት ሦስት ልጆች ቀብረሻል። ማን አለቀሰልሽ?»

እማማ የሺመቤት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ምንታምር ሻይ አፍልታ ስትመለስ ለግድግዳው የመጀመሪያውን ልጅ ስም እየነገሩት ነበር። ከሰዓቱን ሁሉ ነገሩት። ምንታምር ስለ ልጅቷ ልታስታውሳቸው ሁለት ጊዜ ትከሻቸውን ነካች፤ እጇን ቀስ ብለው አነሱት።

በማግስቱ ሻንጣቸውን ያዙ።

«እማማ፣ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው? ምስክሬ እርስዎ ነዎት!»

«ያላለቀስኩት ልቅሶ አለብኝ፣ ልጄ፣» አሉ። ዓይናቸው ጠርቶ፣ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር፤ አምባሩን አላወለቁም። «አንቺም አልቅሺ። ይቀልሻል ብላለች።»

እትዬ ስንዱ መቀለድ ማቆሟን ምንታምር መቼ እንዳስተዋለች በትክክል አታውቅም። መጀመሪያ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አምባሯንም መልሳ አስራ መጣች። ቀጥላ ካፖርቱን ትታ ነጭ ነጠላ ለበሰች። ከዚያ ልጅቷን ለትንሽ ጊዜ ታቅፋ መቀመጥ ጀመረች፤ ስትታቀፋት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ለልጅቷ ይሁን ለሌላ የምታወራው አይሰማም።

አንድ ከሰዓት ምንታምር እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ ስንዱ፣ በእመብርሃን። አንድ ቃል ብቻ። መልሻለሁ በይ።»

«ልለው ነበር።» የእትዬ ስንዱ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። «ማርያምን! ትናንት አፌን ከፈትኩ። 'ስንዱ፣ ሰው እየገፋሽ ነው? ያንቺን ደስታ የሚፈራው ማነው?' አለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ዕድሜ ልኬን እሺ ስል ነው የኖርኩት፣ ምንታምር። ለባሌ እሺ፣ ለፋብሪካው እሺ። መካን ሲሉኝ ስቄ አሳለፍኩ፤ ለምን የምስቅ ይመስልሻል? አንቺ ገና ነሽ፤ ሌላ ትወልጃለሽ።»

«ልጄ ናት እኮ!»

«ስሜትሽን እሰማዋለሁ፣» አለች እትዬ ስንዱ።

ምንታምር ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ያለ ነገር ከእትዬ ስንዱ አፍ ወጥቶ አያውቅም። የተናገረችው ራሷም የደነገጠች መሰለች፤ ግን ልጅቷን ደረቷ ላይ ጠበቅ አደረገቻት፤ ተነሣች።

«ዛሬ ከኔ ጋር ትደር። አልጋዋ መጥቷል፣ ወተቷም መጥቷል። ለሷም ለኔም መለማመዱ ጥሩ ነው ተብሏል።»

ምንታምር ከበሩ ቀደመች። እጇ ብርድ ልብሱን ያዘ። ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን በመሃላቸው ይዘው ቆሙ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸው ይሰማል። ምንታምር የእትዬ ስንዱ አምባር ሙቀት ክንዷን ሲነካት ተሰማት። እሷም ፈርታለች። ልጅ እንዳይነጥቋት የፈራች ሴት ነች።

«ምንታምር፣» አለች አለሁልሽ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ ያህል ዝቅ ብላ። «ይህች ሰዓት ትታያለች። እንዴት እንደምታሳልፊያት አስቢበት።»

ብትጮህ ይመዘገባል። ብትጎትት ይመዘገባል። ነርሷን አሰበች፤ ልብሽ ሲረጋ ነይ ያለችውን። ዛሬ ከተረጋጋች ነገ ቃሏን ይቀበሏታል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ክርስትናዋ ሳይደርስ። በአፍንጫ ሳበች፣ በአፍ ለቀቀች። ጣቶቿን የሚያላቅቅላት ሰው አልነበረም፤ ራሷ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ብርድ ልብሱንም በልጅቷ አንገት ሥር አስተካከለችላት።

«እግሯ እንዳይበርዳት፣» አለች። «ስትጠባ በግራ በኩል ነው የምትወደው።»

«በጣም ጥሩ፣» አለች አለሁልሽ።

ማዶ ያለው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው እንዴት አደርሽ አላላትም። ሙዚቃ ከፈተላት፣ ውሃ አሞቀላት፣ ጡቷን የሚያደርቅ ኪኒን መምጣቱን ነገራት። ኪኒኑን አልዋጠችውም። ቃሌን ተቀበሉኝ አለች፤ ሐዘንተኛ በዚህ ሰሞን የሚናገረው ቃል እንደማይያዝ ተነገራት። ለናሆም ደወለችለት፤ አለሁልህ ናሆም እያረፈ ነው አላት። ትምህርት ቤቷ አበባ ላከ።

ከሰዓት በኋላ ማዶ ልጅቷ አለቀሰች።

ምንታምር ልቅሶውን ታውቀዋለች፤ የረሃብ ነው። ወተቷ ወረደ፤ ቀሚሷ ፊት ለፊት ራሰ። ነጠላዋን አጣፍታ ኮሪደሩን ተሻገረችና አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ ጎርናና ድምፅ፣ ከበሩ ውስጥ።

«እናቷ ነኝ።»

በሩ አልተከፈተም። ውስጥ ልጅቷ ታለቅሳለች።

«ጎረቤት ነኝ። ምንታምር ነኝ። ላጥባት ነው፤ ማጥባት ብቻ ነው።»

«እናቲቱ አልተረጋጋችም፤» አለ ድምፁ፣ በትሕትና። «ማታ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ አልተኛችም። በዚህ ሰሞን የምትቀበለው አራስ ጥየቃ የመጣን ሰው ብቻ ነው። የመጡት ለዚያ ነው?»

ምንታምር በሩን በሁለት መዳፏ ተደግፋ ቆመች። ከእንጨቱ ወዲያ፣ ከልቅሶው ሥር፣ የእትዬ ስንዱ እሹሩሩ ይሰማል፤ ግጥሙን የማታውቀው፣ ያልለመደችው፣ የሚንቀጠቀጥ እሹሩሩ። ልቅሶው እየደከመ መጣ። ልጅ ሲደክመው ነው እንጂ ሲጠግብ እንደዚያ ዝም አይልም።

ነጠላዋን አስተካከለች። እርጥቡን ቀሚሷን ሸፈነች። ድምፅዋን ጠረገች፤ ሲወጣ ረጋ ያለ፣ ጨዋ፣ የእንግዳ ድምፅ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት፣ እትዬ።»

በሩ ተከፈተ። እትዬ ስንዱ ራሷን በሻሽ አስራ፣ አልጋው ውስጥ ተቀምጣ፣ ልጅቷን ታቅፋለች። ዓይኗ ጎድጉዶ ፊቷ አመድ መስሏል። መዳፏ የልጅቷ አፍንጫ ሥር ነው።

«ማርያም ታኑርሽ፣» አለች። «ግቢና በሩን ዝጊው። ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ።»

ምንታምር ገባችና በሩን ዘጋች።